ክረምት ሳይገባ የቤታችንን መሠረት ከውሃ እንጠብቅ

ቤት ተጎዳ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ወይም በሩ አልዘጋም ሲል ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን ከታች፣ ማንም ጎንበስ ብሎ በማያየው ቦታ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ስለ ቤት መሠረት ይሆናል። መሠረትን የሚጎዳው ምንድን ነው? ጉዳቱ በምን ይታወቃል? በዶማና በአካፋ ልንሠራው የምንችለው የቱ ነው? የትኛውስ ከአቅማችን በላይ ነው? ምሳሌያችንን የምንወስደው ከየካ አባዶና ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ምክንያቱም ዳገቱም ሜዳውም፣ ጭንጫውም ዋልካውም፣ የጭቃ ቤቱም ፎቁም እዚያ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በሌላ አካባቢ ያላችሁ ወገኖችም የራሳችሁን መሬት ከዚህ ጋር እያስተያያችሁ አንብቡ።

በቅድሚያ ክረምት የሚለውን ቃል እንፍታ። በሰሜኑ ዓለም ክረምት ማለት በረዶ ነው። መሬት ውስጥ ያለ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚጨምር አፈሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አፈሩም ቤቱን ይገፋዋል። ስለዚህ የእነዚያ አገሮች ሰዎች መሠረታቸውን በረዶ ከማይደርስበት ጥልቀት ድረስ ያወርዳሉ። እንጦጦ ላይም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል፣ መሬት ውስጥም ጠልቆ አይገባም። የእኛ ቤት ጠላት ብርድ ሳይሆን ውሃ ነው።

ውሃው ምን ያህል ነው? አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን 500 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰጣሉ። አሁን እርሳስና ወረቀት አንሡ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ክዳኑ 5 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ቤት 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ አለው። 30 ሲባዛ በ500፣ 15,000 ሊትር ይሆናል። ይህን በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብናካፍለው 750 ጀሪካን ነው። በሁለት ወር ውስጥ 750 ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ እየመጣ ከግድግዳችን ሥር የሚደፋ ጎረቤት ቢኖረን በሽማግሌ እንከሰው ነበር። ጣሪያችን ግን በየዓመቱ ይህንኑ ያደርጋል፣ እኛም ዝም እንለዋለን።

ይህ የጣሪያው ብቻ ነው። ዳገት ሥር ለሚኖር ሰው ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ይጨመርበታል። የእንጦጦ ሸንተረር ውሃ የሚከፈልበት ቦታ መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ያልሰማ ካለ አሁን ይስማ። በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አባይ ይሄዳል፤ በደቡብ በኩል የወረደው ደግሞ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ቆርቁረው ነበር። ብርዱና የማገዶው ችግር ስለበረታ በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍልውሃው ሜዳ መውረድ ጀመረ። ላይ የሚኖር ከብርድ ጋር ይታገላል፤ ታች የወረደ ደግሞ ላይ የዘነበውን ሁሉ ይቀበላል። አዲስ አበባ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተቀባይ ናት ማለት ነው።

ውሃ መሠረትን የሚጎዳው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በዳገትና በሜዳ፣ በጭቃ ቤትና በብሎኬት ቤት አጎዳዱ ይለያያል። ይህን ሳይለዩ ሲሚንቶ መግዛት ገንዘብ መጣል ስለሆነ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከዋልካው እንጀምር። ዋልካ፣ አንዳንዱ ሰው መረሬ የሚለው፣ ያ በክረምት እግር የሚይዘው በበጋ የሚነቃቃው ጥቁር አፈር ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንዲህ ያለ አፈር እንደሆነ የአፈር ጥናት ሰዎች ጽፈዋል። ገበሬው ጠባዩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ውሃ ስለሚያቁር ጤፍ ዘግይቶ ይዘራበታል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እየሠሩ፣ በመደቦቹ መካከል ውሃው የሚወርድበትን ቦይ እያወጡ ሲያርሱት ኖረዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ለስንዴ ሥር የምንጨነቀውን ያህል ለቤታችን ሥር አንጨነቅም!

ዋልካ ለምን ያብጣል? ይህ አፈር በዓይን በማይታዩ፣ እንደ ወረቀት በተደራረቡ ስስ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ውሃ ሲያገኝ በቅንጣቶቹ መካከል ይገባና ያራርቃቸዋል፤ አፈሩ ያብጣል። ሲደርቅ ውሃው ይወጣል፣ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ አፈሩ ይሰበሰብና ይነቃቃል። ንቃቃቱ አንዳንድ ጊዜ 1 ሜትርና ከዚያ በላይ ይጠልቃል። ቤት በላዩ ሲቆም ምን ይሆናል? በክረምት ከቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ይርሳል፣ ከወለሉ መሐል ሥር ያለው ግን ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ የቤቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይነሣል፣ መሐሉ ይቀራል። በበጋ ደግሞ ጠርዙ ይወርዳል። በየዓመቱ ሽቅብ ቁልቁል ሲባል የማይሰበር ብሎኬት የለም።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ደረጃ እየሠራ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ አልዘጋም ያለ በር ጥር ላይ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። እርግጥ እንጨትም በእርጥበት ያብጣል። የብረት በር እንዲህ ሲያደርግ ግን መሬቱ መንቀሳቀሱን ጠርጥሩ። አናጢ ጠርቶ በሩን ከማስላጥ በፊት ግድግዳውን በቱንቢ ማየት ይሻላል።

መሬታችሁ ያብጥ እንደሆነ የምታውቁበት ቀላል ሙከራ አለ። አፈሩን ከ1 ክንድ ጥልቀት አውጡት፤ ከላይ ያለው ከቆሻሻና ከአመድ ጋር የተቀላቀለ ስለሚሆን አያገለግልም። አድርቁት፣ ፍጩት፣ በወንፊት ንፉት። ጎኑ ቀጥ ባለ ብርጭቆ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ጨምሩና በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ አፈሩን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፣ ብርጭቆውን ውሃ ሙሉት፣ አፈሩን ጥቂት በጥቂት እየነሰነሳችሁ መልሱት። ሳትነካኩት አሳድሩት። በማግስቱ ከፍታውን ለኩ። ብዙም ካልጨመረ መልካም ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ማለት በእጥፍ ካደገ፣ በዚያ አፈር ላይ እንዲሁ በቀጥታ ቤት መሥረት አይገባም። ይህ በላቦራቶሪ የሚደረገው የአፈር እብጠት ሙከራ የቤት ውስጥ አሠራሩ ነው፤ የመሐንዲስን ምርመራ አይተካም፣ ግን መሐንዲስ መጥራት ያስፈልግ እንደሆነ ይነግራችኋል።

አዲስ ለሚሠራ ሰው መፍትሔው ይታወቃል። ዋልካው ስስ ከሆነ፣ እንበል 1 ሜትር ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ተቆፍሮ ይወጣና መሠረቱ ከሥሩ ባለው ጠንካራ መሬት ላይ ይቀመጣል። ወለሉ ሥር ገረጋንቲ ይሞላል። ሲሞላም በአንድ ጊዜ መገልበጥ የለም፤ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተርከፈከፈ፣ በደንብ እየተጠቀጠቀ ነው። አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ውሃ በማያሳልፍ ዋልካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ የሚያሳልፍ ገረጋንቲ ስንሞላበት ገንዳ ሠራን ማለት ነው። ከላይ በደንብ ካልተዘጋና ውሃው በቦይ ካልተመለሰ ገረጋንቲው ራሱ ውሃ ያጠራቅምና ከሥሩ ያለውን ዋልካ ያርሰዋል። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ ነገሩ የመሐንዲስ ነው፤ እዚህ ላይ በግንበኛ ግምት መሄድ አያዋጣም።

ቤቱ ቀድሞ ለተሠራ ሰውስ? የዋልካ ጠባይ ሊለወጥ አይችልም፤ እርጥበቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ጉዳት የሚያመጣው ውሃ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መለዋወጡም ነው። በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የድንጋይና የሲሚንቶ ንጣፍ ማድረግ ለዚህ ይረዳል። ግድግዳው ሥር ጎመን ተክሎ ውሃ ማጠጣት፣ የሮቶ ውሃ ሞልቶ ሲፈስ ዝም ማለት፣ የልብስ እጣቢ በአንድ ማዕዘን ላይ ብቻ መድፋት፣ እነዚህ ሁሉ ቤቱን ከአንድ ወገን እንደ ማንሣት ናቸው።

ስለ ባሕር ዛፍም ሳንናገር አናልፍም። ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የማገዶን ችግር አቃሏል፤ እንጦጦንም አልብሷል፤ ውለታው ብዙ ነው። ግን ውሃ ይወዳል። በዋልካ ላይ ቤት አጠገብ ሲተከል ከመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት እየጠጣ በዚያ ወገን አፈሩን ያሰምጠዋል። ስለዚህ ዛፉ አድጎ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤቱ ይራቅ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዋልካ ላይ ከቤት አጠገብ የቆየ ትልቅ ዛፍን በአንድ ቀን መቁረጥም መዘዝ አለው። ዛፉ ይጠጣው የነበረው ውሃ እዚያው ይቀራል፣ ደርቆ የኖረው አፈር ቀስ በቀስ ይርሳል፣ ያብጣልም። አንዳንድ ቤት ዛፉ ከተቆረጠ ከ1 ወይም ከ2 ዓመት በኋላ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውም «ዛፉ የለ፣ ምን ነካው?» ይላል።

አሁን ወደ ጭቃ ቤት እንምጣ። በዋልካ ላይ የጭቃ ቤት ከብሎኬት ቤት ይልቅ ይታገሣል። እንጨቱ፣ ማገሩና ጭቃው ትንሽ ሲወዛወዙ አብረው ይወዛወዛሉ፤ የተሰነጠቀውም በምርጊት ይደፈናል። የጭቃ ቤት ሞቱ ሌላ ነው፤ እግሩ ይበሰብሳል። ቋሚው የሚበሰብሰው ደግሞ ጥልቁ ላይ ሳይሆን ከመሬት በሚገናኝበት ወገብ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ውሃም አየርም ይፈልጋል፣ ሁለቱም በብዛት የሚገናኙት እዚያ ነው። በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጋችሁ እዩት። ቢላው እንደ ቅቤ ከገባ ቋሚው አልቋል፤ ቤቱን ያቆመው ጭቃው ብቻ ነው።

አባቶቻችን ጥድና ወይራ የሚመርጡት በከንቱ አልነበረም፤ ሁለቱም ከባሕር ዛፍ ይልቅ መበስበስንና ምስጥን ይችላሉ። ዛሬ ባሕር ዛፍ የምንጠቀም ከሆነ በደንብ ደርቆ፣ ልጡ ተልጦ፣ የሚቀበረው ክፍልና ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ያህል በተቃጠለ የሞተር ዘይት ተለቅልቆ ይተከል። ዘይቱ ውሃ እንዳይበክል ግን ከጉድጓድ ውሃና ከምንጭ ይራቅ። ከሁሉ የሚሻለው ግድግዳውን ከመሬት ማላቀቅ ነው፤ ዙሪያውን ከመሬት በላይ 2 ስንዝር ያህል የሚደርስ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶ ጭቃው ከዚያ በላይ ይጀምር። የጣሪያው ጠርዝ ደግሞ ከግድግዳው ክንድ ተኩል ያህል ይውጣ። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል ጠርዙን አሳጥሮ ግድግዳውን ለጠፈጠፍ መስጠት ቁጠባ አይባልም።

በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን እየተለመደ መጥቷል። መልኩ ያምራል፣ ያለ ምንም ዝግጅት ሲሠራ ግን ጉዳት አለው። ከመሬት ሽቅብ የሚሳበው እርጥበት በጭቃ በኩል ይተነፍስ ነበር፤ ሲሚንቶው ሲዘጋበት ከውስጥ ታፍኖ ጭቃውን ያለሰልሰዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይነሣል፣ ከኋላው ያለው ጭቃ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ከእበትና ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ፣ ከቻላችሁም ኖራ፣ ለጭቃ ቤት ይስማማዋል።

ባለፈው ክረምት ተማሪዎች ሆነን በበጎ ፈቃድ ሥራ ስንሰማራ ከየካ አባዶ በላይ ካለው ዳገት ሥር አንዲት እናት ቤት ደርሰን ነበር። እማማ ብቻቸውን ይኖራሉ። የቤታቸው አንዱ ማዕዘን ሰምጦ ግድግዳው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። «ልጆቼ፣ እኔ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እመርገዋለሁ፤ በየዓመቱ ሐምሌ ይከፈታል» አሉን። ዝናብ እስኪመጣ ጠበቅንና ካፖርት ለብሰን ቆመን አየን። ከጣሪያው ግማሽ የሚወርደው ውሃ በተቆረጠ አሸንዳ በኩል ተሰብስቦ በዚያ ማዕዘን ላይ ብቻ ይወርዳል። ከላይ ያለው የእግር መንገድም ቦይ ሆኖ ጎርፉን እዚያው ያመጣዋል። ውሃው ከማዕዘኑ ሥር አፈሩን እያጠበ ድንጋዩን ባዶ አስቀርቶታል። አምስት ሆነን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ አሸንዳውን ቀጠልን፣ ከላይ ቦይ አወጣን፣ የታጠበውን በድንጋይና በገረጋንቲ ሞልተን ጠቀጠቅን። ለሲሚንቶ የወጣ ገንዘብ አልነበረም። እማማ ምርጊቱን እንድንነካ አልፈቀዱልንም፤ «እሱን ለእኔ ተዉት፣ የእኔ እጅ ያውቀዋል» አሉ።

እንግዲህ ዋናው ሥራ ቦይ ነው፤ ስለ ቦይ አሠራር ሰፋ አድርገን እንናገር። ከቤቱ በላይ በኩል፣ ከግድግዳው 3 ወይም 4 ሜትር ርቆ፣ ዳገቱን አቋርጦ የሚያልፍ ቦይ ይቆፈራል። ሥራው ጎርፉ ቤቱ ጋ ሳይደርስ ይዞ በጎን በኩል ማሳለፍ ነው። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር ርዝመት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ካነሰ ውሃው ይተኛና ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከበዛ ደግሞ ቦዩን ራሱን እየቆፈረ ገደል ያደርገዋል። መሬቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ወለሉን ድንጋይ ማንጠፍ ነው። ቁልቁለቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ረጅም ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ቢይዝ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ግንበኞች ሁሉ ይህን ያውቃሉ።

ለቤቱ ቅርብ የሆነው መሬት ደግሞ ከግድግዳው ወደ ውጭ ያዘንብል፤ በ3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ይበቃል። ጠፈጠፉ የሚያርፍበትን መስመር በጠጠር ወይም በድንጋይ ማልበስ አፈሩ እንዳይቦረቦር ያደርጋል። ቦይ ግድግዳው ሥር ተጠግቶ ከመሠረቱ ጥልቀት በታች መቆፈር የለበትም። እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ውሃውን እናስወግድ ሲሉ መሠረቱን በራሳቸው ዶማ አጋልጠዋል። አሸንዳ ያለው ሰው ውሃውን በርሜል ውስጥ ቢያጠራቅም ለልብስ እጥበት ይሆነዋል፤ የሞላውም በቱቦ ወደ ቦዩ ይሂድ።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። ላሊበላ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዓለት የፈለፈሉት ሰዎች ግቢዎቹ በክረምት ውሃ እንዳይሞሉ በዚያው ዓለት ውስጥ የማፍሰሻ ቦይ ጠርበዋል። ከመሬት በታች ወርዶ የሚሠራ ሰው ስለ ውሃ ሳያስብ አንድ መዶሻ አይመታም።

ከቦይ ጋር የሚመጣው ነገር የጎረቤት ጉዳይ ነው። ላይኛው ሰው ቦይ ቆፍሮ ውሃውን በታችኛው ሰው በር ላይ ከለቀቀ ችግሩን አላስወገደም፣ አሻገረ እንጂ። በዳገት መንደር ውስጥ አንድ ቤት ለብቻው ቦይ ሊኖረው አይችልም። ከላይ እስከ ታች፣ እስከ ወንዙ ወይም እስከ ዋናው የመንገድ ቦይ ድረስ የሚወርድ አንድ መስመር በጋራ መውጣት አለበት። ግንቦት ላይ የዕድር ስብሰባ ሲደረግ ይህ ቢነሣ ነሐሴ ላይ ዱላ የሚያማዝዘው ጠብ ይቀራል። ቦዩ ከተሠራም በኋላ ላስቲክና የውሃ ጠርሙስ እንዳይዘጋው በየሳምንቱ መጥረግ ነው። አንዳንድ ሰፈር ደግሞ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ይልና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ነዋሪው በሥራው ጊዜ ቆሞ ውሃው በየት እንደሚያልፍ ካልጠየቀ በኋላ መጠየቁ ብዙም አይረዳውም።

በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምትኖሩ «ይህ እኛን አይመለከተንም» እንዳትሉ። ከጣሪያ የሚወርደው የውሃ ቱቦ ከታች በኩል ሲሰበር የአምስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ውሃ በአንድ ማዕዘን ላይ ይደፋል። የሞላ የፍሳሽ ጉድጓድም እንዲሁ። «የምድር ቤት ሰዎች ይጠግኑት» የሚል ንግግር ይሰማል። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የእያንዳንዱ ሰው የግል ያልሆነው የሕንፃው ክፍል ሁሉ የጋራ ነው። መሠረት የግል የሆነበት ፎቅ የለም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው እናትም በዚያው ላይ ቆማለች። ስለዚህ የቱቦው ወጪ የሁሉም ነው።

በዳገት ላይ ለሚሠራ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቦታ ለማስተካከል ከላይ በኩል ቆርጠን ያወጣነውን አፈር ወደ ታች እንገፋዋለን። ቤቱም ግማሹ በጠንካራው መሬት፣ ግማሹ በልቅ ሙሌት ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ ሙሌቱ ይሰምጣል፣ ጠንካራው ይቀራል፣ ቤቱም መሐል ለመሐል ይከፈላል። መሠረቱ በሁለቱም ወገን ያልተነካው መሬት ላይ መድረስ አለበት፤ በታችኛው ወገን ጥልቅ ይሆናል፣ ወጪውም ይጨምራል፣ ሌላ መንገድ ግን የለውም። ከላይ የተቆረጠው ቦታ በካብ ይደገፍ፤ ከካቡ ኋላ ጠጠር ይሞላ፣ ግንብ ከሆነም ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከታች ይተውለት። ውሃ መውጫ ያጣ ግንብ የአፈሩን ብቻ ሳይሆን የውሃውንም ክብደት ይሸከማል።

ዶማ የማይመልሰው አደጋም አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራ ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሌላ ናዳ ወርዶባቸው ነው። ከቤታችሁ በላይ ዳገቱ ላይ አዲስ የመሬት ስንጥቅ ካያችሁ፣ ቀጥ ብለው የነበሩ ዛፎች ወይም የመብራት እንጨቶች ካዘነበሉ፣ ምንጭ በሌለበት ቦታ ድፍርስ ውሃ መፍለቅ ከጀመረ ቤቱን ለመጠገን አትሞክሩ። ልጆቹንና ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ በጎን በኩል ከዳገቱ ሥር ውጡ፣ ለቀበሌም ንገሩ። ከብትና ዕቃ ለማውጣት በሌሊት መመለስ አይገባም።

አሁን ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ያላችሁ ሰዎች ከመለሰናችሁ በፊት ጠባዩን አጥኑ። ለዚህ የሚያስፈልገው ማንበብና መጻፍ ብቻ ነው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ሁለት ነጥብ አድርጉ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክታችሁ ቀኑን ግድግዳው ላይ ጻፉ። በየወሩ መጀመሪያ ቀን ይህንኑ አድርጉ። ልኩ ዓመቱን ሙሉ ካልተለወጠ ስንጥቁ የቆየ ነው፤ ድፈኑት። ከወቅቱ ጋር የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ መሬቱ ዋልካ ነው፤ እርጥበቱን ተቆጣጠሩ። በየወሩ እየሰፋ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ከሥሩ አፈር እየታጠበ ወይም እየሰመጠ ነውና ውሃው የሚገባበትን ፈልጉ። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም ግድግዳው በቱንቢ ሲታይ ካዘነበለ ባለሙያ ይየው። ያን ጊዜ በግድግዳችሁ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር ለባለሙያው ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ለመወያያ፦ የቤታችሁ ጣሪያ ስንት ካሬ ሜትር ነው? በሐምሌና በነሐሴ ስንት ጀሪካን ውሃ ይወርድበታል? ይህ ውሃ ዛሬ የሚሄደው በማን ቤት በኩል ነው?